57 ተኩል ሴንቲ ቁመት ውስጥ የሚገባ ኦቨን አለ? (አዳማ፣ ጠባብ ኪችን)

የአዳማዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ነው። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ልክ ልኩን ካልነገርኳችሁ ግን ልትረዱኝ አትችሉምና ታገሱኝ።

ካቢኔት ውስጥ የሚገባ ኦቨን ነበረኝ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ቤቱን ስንሠራ በ1996 ዓ.ም. ከግራናይቱ ሥር ያስገባው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት አራት አምስት ኬክ በትእዛዝ እጋግራለሁ። የልደትም የምርቃትም ይመጣል፤ የእህቴን ልጅ የማስተምረው በዚሁ ነው። ኦቨኑ ባለፈው ወር አበቃለት። የበሩ ማጠፊያ ተሰብሮ በገመድ እያሰርኩ ስጋግር ከርሜ ነበር። አሁን ደግሞ የውስጡ ቆርቆሮ ዝጎ ተበሳና በዙሪያው የታጨቀው የመስታወት ሱፍ ወደ ውስጥ መርገፍ ጀመረ። ያ ነገር ሰው የሚበላው ላይ እንዲወድቅ አልፈቅድም። ስለዚህ «አስጠግኚው» የምትሉኝ ካላችሁ፣ ይህን አስቤበት የተውኩት ነው።

ኪችኔ ስፋቱ 1 ሜትር ከ75፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ10 ነው። ካቢኔቱ በአንደኛው ግድግዳ ተደርድሯል፤ ፍሪጁ ከኦቨኑ ፊት ለፊት ቆሟል። ካቢኔቱ 60፣ ፍሪጁ 65 ሴንቲ ሲወስዱ መሀል ላይ 50 ሴንቲ ይቀረኛል። የኦቨኑ በር ሲከፈት 44 ሴንቲ ወደ ፊት ይወጣል። ትኩስ ትሪ የማወጣው ከጎን ቆሜ፣ ወገቤን አጣምሜ ነው።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ እዚሁ ከተማ አንድ ሱቅ ሄጄ አዲስ ገዛሁ። ሻጩ ልጅ «ማዘር፣ ሁሉም 60 በ60 ነው፣ ይገባል» አለኝ። እኔም ከካቢኔቱ ጥልቀት ጋር አምታትቼው 60 ሲለኝ ደስ አለኝ። ሁለት ወጣቶች ተሸክመው አመጡት፤ አልገባም። መልሼ ስልክ የጭነቱን ሁለት ጊዜ ከፈልኩ፤ ሱቁም ከገንዘቤ ቆርጦ ነው የመለሰልኝ። ገንዘቡስ ይሁን፤ የተቀበልኩትን የልደት ኬክ ትእዛዝ «አልችልም» ብዬ መመለሴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር።

አሮጌው ከወጣ በኋላ ባዶውን ለክቼዋለሁ፦

ስፋቱ ከላይ 56.4፣ ከታች 55.8 (ቺፑዱ በውኃ አብጧል)። ቁመቱ ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው ጣውላ 57.5። ያ ጣውላ 3 ሴንቲ ውፍረት አለው፤ ከእሱ በላይ ግራናይቱ አለ። ጥልቀቱ እስከ ግድግዳው 58፤ ነገር ግን ሶኬቱ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው፤ ስፒናው ሲሰካ 6 ሴንቲ ይበላል።

ሁለት አናጺዎች መጥተው አይተውታል። ሁለቱም «ያ ጣውላ ጥቅም የለውም፣ ግራናይቱን አንስተን እናውጣው» ነው ያሉኝ። ግራናይቱ 2 ሜትር ከ40 የሆነ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ማጠቢያውም የጋዝ ስቶቩም ተቀዶላቸው የገቡት እሱ ላይ ነው፤ ስቶቩ ደግሞ በቀጥታ ከኦቨኑ በላይ ነው። ሲነሳ በተቀደደበት በቀጭኑ በኩል ይሰነጠቃል ብዬ እፈራለሁ። ድንጋዩ ሳይነካ የሚሆን ዘዴ ካለ፣ ወይም 57 ተኩል ውስጥ የሚገባ ኦቨን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሰላም ነው

እንዲህ ከሚለፉ ለምን ለብቻው የሚቆም፣ ከላይ ስቶቭ ከታች ኦቨን ያለውን አይገዙም?

የአዳማዋ መምህርት

እሱን ለማቆም ድንጋዩን 60 ሴንቲ ያህል መቁረጥ አለብኝ። የሸሸሁት ነገር ይኸው ነው።

ጥድና ቺፑድ

እናቴ፣ 14 ዓመት ካቢኔት ስሠራ ቆይቻለሁ። እንደ እርስዎ ለክቶ የሚጠይቅ ሰው ስለማላገኝ ልኩን ሳይ ደስ ብሎኛል።

መጀመሪያ ስለ 60ው። ልጁ የዋሸዎት አይመስለኝም፤ ምን እንደሚለካ ግን አላወቀም። «60» የሚባለው የኦቨኑ ፊት ነው። ፊቱ 59.5 በ59.5 ገደማ ይሆንና የካቢኔቱን ጠርዝ ከውጭ ይሸፍናል። ወደ ውስጥ የሚገባው ሳጥን ከፊቱ ይጠባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ኦቨን የሚፈለገው ክፍተት ስፋቱ 56፣ ከግራናይት ሥር ሲሆን ቁመቱ 60፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 55 ነው። ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይመኑ፤ ውስጥ ካለው ወረቀት ላይ የካቢኔቱ ሥዕል ያለበትን ገጽ አውጥተው ይዩ። እዚያ ላይ የክፍተቱ ልክ በሚሊ ሜትር ተጽፏል።

57.5 የሚሆን ኦቨን አይፈልጉ፣ አይድከሙ። ከ60 ቀጥሎ በብዛት የሚሠራው ቁመቱ 45 የሆነው ነው። እሱ ይገባል፤ ግን ሁለት ትሪ ኬክ በአንድ ጊዜ ለሚጋግር ሰው ያንሳል፣ ከላዩም 12 ሴንቲ ክፍት ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው። የጎደለዎት 2 ሴንቲ ተኩል ነው። ሁለቱም አናጺዎች ወደ ላይ ነው ያዩት። ለምን ወደ ታች አንሄድም? ኦቨኑ የተቀመጠበት ወለል ሥር ዞኮሎ (ካቢኔቱን ከመሬት ከፍ የሚያደርገው መሠረት) አለ አይደል? ብዙውን ጊዜ 10 ሴንቲ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ወለሉን አውጥቶ ግራና ቀኝ በአንጎላሬ (ባለ ማዕዘን) ብረት ደግፎ 2.5 ሴንቲ ዝቅ አድርጎ መልሶ ማስቀመጥ ይቻላል። የዞኮሎው ፊት በዚያው ልክ ይቆረጣል። ድንጋዩን ማንም አይነካውም። ኦቨን 30 ኪሎ አልፎ ስለሚሄድ አዲሱ ወለል ከ18 ሚሊ ያልሳሳ ይሁን፣ መሀሉም ሥር አንድ እግር ይጨመርለት።

ያንን የላይኛውን ጣውላ ግን ማንም እንዳያወጣው። ያስገባው ሰው በምክንያት ነው ያስገባው። ምክንያቱን ሳያዩ አይንኩት፤ አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ በስልክ መብራት ወደ ላይ ይይልዎት።

ጥልቀቱ ላይ ያለው ችግር ካቢኔቱ ሳይሆን ሶኬቱ ነው። ኦቨን ጀርባ ላይ ሶኬት አይቀመጥም። 58ው በቂ ነው፤ ሶኬቱ ወደ ጎረቤት ካቢኔት ይሂድና ለገመዱ ጎኑ ላይ ቀዳዳ ይበሳ። ማጠቢያው ሥር ግን እንዳያደርጉት፣ ውኃ አለ። የኦቨኑን ጀርባም በምንም አያሽጉት፤ አየር ካልተላለፈ ካቢኔቱ ይጠበሳል።

ታች ያበጠው 55.8 በብርጭቆ ወረቀትና በመላጊያ ይስተካከላል። ያበጠ ቺፑድ ግን ቪቴ (ብሎን) አይዝም። ኦቨኑ ከፊት በኩል በሩ ሲከፈት በሚታዩ ቀዳዳዎች በቪቴ ይታሰራል፤ እዚያ ቦታ ላይ ደህና እንጨት ይለጥፉ።

ፌዝ ኒውትራል

ቲቸር፣ እኔም የአዳማ ልጅ ነኝ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የምሠራው። አናጺው ወንድሜ የእንጨቱን ጨርሶታል። እኔ ሦስት ነገር ልጠይቅዎት። አንደኛ፣ የእንጀራ ምጣድዎና ኦቨኑ ከአንድ ብሬከር ነው የሚወጡት? ሁለተኛ፣ ሶኬቱ የኧርዝ (የግራውንድ) ሽቦ አለው? ሦስተኛ፣ ኬክ የሚጋግሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?

የአዳማዋ መምህርት

ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ምጣዱና ኦቨኑ አንድ ላይ ሲበሩ ብሬከሩ ስለሚወርድ እንጀራ ስጋግር ኦቨን አልከፍትም። የኧርዙን አላውቅም፤ ነገር ግን በባዶ እግሬ ሆኜ የኦቨኑን ብረት ስነካ ይነዝረኝ ነበር። ለዓመታት ጫማ አድርጌ ነው የኖርኩት። የምጋግረው ማታ ነው፣ ከ12 ሰዓት በኋላ። የማታ ኬኬ መሀሉ እየሰመጠ ስላስቸገረኝ ቤኪንግ ፓውደሩን እየቀነስኩ እየጨመርኩ ስሞክር ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

ጥድና ቺፑድ፣ አንተም ልጄ ተባረክ። ዞኮሎውን ለካሁት፣ 10 ሴንቲ ነው። ወደ ታች ማየት ለእኔም ለሁለቱ አናጺዎችም አልመጣልንም።

ፌዝ ኒውትራል

የነዘረዎት ነገር በጣም አስደንግጦኛል። ይህ በጫማ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ኤሌክትሪክ ወደ ኦቨኑ ብረት እየወጣ የሚሄድበት አጥቶ በእርስዎ በኩል መሬት እየፈለገ ነበር ማለት ነው። አዲሱ ኦቨን ከመሰካቱ በፊት ቤቱ የግራውንድ ዘንግ ይቀበርለት፤ ከዘንጉም ባለ ሦስት ሽቦ መስመር እስከ ኦቨኑ ይምጣ። ይህን ካላደረጉ ኦቨኑን አይግዙት እላለሁ።

ስለ መስመሩ። ኦቨን ብዙውን ጊዜ እስከ 3,000 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 13.6 አምፔር ነው። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ገደማ ነው፤ 16 አምፔር። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 30 ይጠጋሉ። ብሬከሩ መውረዱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ሰው መጥቶ «ትልቅ ብሬከር ልቀይርልሽ» ቢልዎት እሺ እንዳይሉ፤ ያኔ ብሬከሩ ሳይወርድ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይቃጠላል። ለኦቨኑ ብቻ ከብሬከር ሳጥኑ የተነሳ የራሱ መስመር ይሳቡለት፣ ባለ 4 ሚሊ ካሬ ሽቦ ከ20 አምፔር ብሬከር ጋር። ከዱባይ የሚመጣ ኦቨን ከሆነ ስፒናው ጠፍጣፋ ሦስት ጥርስ ያለው ነው። አዳፕተር አድርገው አይጠቀሙ፣ ይቀልጣል። ስፒናው ራሱ ይቀየር።

የኬኩ መስመጥ ደግሞ ከቤኪንግ ፓውደሩ አይመስለኝም። ማታ ሁሉም ሰው ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። ኦቨን ላይ 3,000 ዋት ተብሎ የተጻፈው ሙሉ 220 ሲያገኝ ነው። 190 ሲሆን ሙቀቱ 190 በ220 ተካፍሎ፣ ያ በራሱ፣ ቀጥሎም በ3,000 ተባዝቶ ነው፤ ወደ 2,240 ዋት ይወርዳል። ሩቡን አጡ ማለት ነው። ሊጡ ካበጠ በኋላ እስኪጠነክር የሚያስፈልገው ሙቀት ሲዘገይ መሀሉ ይወድቃል። ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል መሣሪያ) ይጨምሩ ብል ለዚህ አቅሙ ከ5,000 ቪኤ በታች አይሆንም፤ ውድም ነው፣ ቦታም ይፈልጋል። ጠዋት መጋገር ከቻሉ እሱ ይሻላል።

ሲገዙ ዲጂታሉን ትተው በእጅ የሚዞረውን ይምረጡ። ብዙዎቹ ዲጂታሎች መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓታቸው ካልተሞላ አይነሱም፤ መብራት በኃይል ሲመለስም ቀድሞ የሚቃጠለው ቦርዳቸው ነው።

የታቦሯ

ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነኝ። እትዬ፣ የእኔ ኪችን ከእርስዎም ይጠባል፤ ዓምና ነው ያስቀየርኩት። እነሱ ያልነገሩዎትን ልንገርዎት።

ኦቨኑ ሲመጣ ተሸካሚዎቹ እጀታውን ይዘው እንዳያነሱት። በሩ እኮ ተነቃይ ነው፤ አስቀድመው ይንቀሉት! ሙሉ በሙሉ ከፍተው ማጠፊያዎቹ ላይ ያሉትን ትናንሽ ምላሶች ወደ ላይ መለስ ሲያደርጉ በሩ ተዘጋ ሲል ይወጣል። እሱና ትሪዎቹ ሲወጡ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል፣ በጠባብ መተላለፊያም ይዞራል። እኛ ይህን ሳናውቅ ከበሩ ጋር ልናስገባ ስንታገል የግድግዳዬን ሴራሚክ ሰበርነው።

አዳዲሶቹ ማቀዝቀዣ ፋን አላቸው። ኦቨኑን ካጠፉት በኋላም ሲጮህ ይሰማሉ፤ አይደንግጡ፣ ከግድግዳውም አይንቀሉት። የሚፈራው እየጋገሩ ሳለ መብራት ሲሄድ ነው። ፋኑ ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን ካቢኔቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ቶሎ ካልተመለሰ ኬኩን ያውጡና በሩን እስከ መጨረሻ ይክፈቱት። ገርበብ አድርጎ መተው ግን አይሆንም፤ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ማዞሪያዎቹ ይወጣል።

እና ያ ፍሪጅ! ኦቨኑ አይደለም የጠበበው፣ ፍሪጁ ነው ፊቱ የተገተረው። 3 ሜትር ርዝመት ካለዎት ወደ በሩ በኩል ገፋ አያደርጉትም?

የአዳማዋ መምህርት

እህቴ፣ ፍሪጁን ለምን እስከ ዛሬ እንዳላንቀሳቀስኩት ሳስበው መልስ አጣሁ። ከሶኬቱ አጠገብ ስለሆነ ብቻ ነው። ሁላችሁንም እግዜር ይስጣችሁ፤ ሥራው ሲያልቅ እነግራችኋለሁ።

የአዳማዋ መምህርት (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሥራው አልቋል። ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናልና እንዴት እንደሆነ ልጻፍላችሁ።

የጻፋችሁልኝን አሳትሜ ለሦስተኛ አናጺ ሰጠሁት። ወጣት ነው፤ ቁጭ ብሎ ሁሉንም አነበበው። ከዚያ ወለሉን ሳይነካ በጀርባው ተኝቶ በስልኩ መብራት ወደ ላይ አየ። «እትዬ፣ ይምጡ ይዩ» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ምንጣፍ አንጥፌ ተኛሁና አየሁ። የጋዝ ስቶቩ ሆድ ከግራናይቱ በታች 2 ሴንቲ ተኩል ያህል ወርዷል። የጋዙ ጎማም በዚያው፣ ከጣውላው ጀርባ ተጋድሟል። ባለቤቴ ያንን 3 ሴንቲ ጣውላ ያስገባው ኦቨኑ ከስቶቩና ከጎማው እንዲርቅ ነበር። ጣውላው ወጥቶ ኦቨኑ ወደ ላይ ቢገፋ ኖሮ አንድም ስቶቩ አያስገባውም፣ አንድም ጎማውን ተጭኖት ይጋግር ነበር። «ጥቅም የለውም» ያሉኝ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፣ አላዩትም። ያን ቀን ድንጋዩን አስነስቼ ቢሆን ብዬ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ጎማው ግን አሁንም ወደ ታች የሚወርደው በኦቨኑ ጀርባ በኩል ነበር። ያንን አላሳለፍነውም። አዲስ ጎማ ገዝተን በጎን ካቢኔት በኩል አዞርነው፤ መጋጠሚያዎቹንም በሳሙና አረፋ ፈተሽናቸው። አንዱ አረፋ አነሳ፤ እንደገና ጠበቀ።

ወለሉ ልክ ጥድና ቺፑድ እንዳለው ሆነ፤ ሁለት አንጎላሬ፣ አዲስ ባለ 18 ሚሊ ወለል፣ መሀሉ ሥር አንድ እግር። ቁመቱ አሁን 60.1 ነው። ታች ያበጠው ተልጎ 56.2 ሆነ። አንድ ቀን ያዘገየን ቪቴው ነው፤ የቀኙ ጎን ቺፑድ እንደ ዱቄት ፈረሰ። ልጁ የጥድ ቁራጭ ከውስጥ በኮላ ለጥፎ፣ ሲደርቅ አደረና በማግስቱ አሰረው።

ኤሌክትሪሺያኑ የግራውንድ ዘንጉን ከጓሮ፣ ልብስ ከማሰጣበት አጠገብ ቀበረው። አዲሱን መስመር ሳበ፤ ሶኬቱንም ድስት የማስቀምጥበት ካቢኔት ውስጥ አደረገው። ሲጨርስ ጫማዬን አውልቄ ኦቨኑን ልነካ ስል «መጀመሪያ እኔ ልለካው» ብሎ በቴስተር አየው። ከዚያ ነካሁት። ምንም የለም። ይህን ያህል ዓመት እየነዘረኝ ዝም ማለቴን ለማንም አልመክርም፤ እናንተም ቤት እንዲህ የሚያደርግ ነገር ካለ ዛሬውኑ አሳዩት።

ኦቨኑ በእጅ የሚዞር ነው፤ የገዛሁት ከሌላ ሱቅ ነው። ከመክፈሌ በፊት ወረቀቱን አስወጥቼ ሥዕሉን ከራሴ ልክ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁት። ሻጩ ታገሰኝ። በሩ ተነቅሎ ነው የገባው፣ የታቦሯ እንዳለችው። መጀመሪያ ባዶውን በከፍተኛ ሙቀት ለአንድ ሰዓት አነደድኩት፤ የፋብሪካ ቅባት ሽታው መስኮትና በር አስከፍቶኛል።

ፍሪጁ ወደ በሩ በኩል ተገፋ። አሁን ከኦቨኑ ፊት 1 ሜትር ከ15 ባዶ አለኝ። ቀጥ ብዬ ቆሜ ትሪ አወጣለሁ። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያው ግማሹ በፍሪጁ ስለተሸፈነ ኤሌክትሪሺያኑ ያንንም አዛውሮልኛል።

ጥድና ቺፑድ

እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ። ጣውላው የገባው ለስቶቩ ሆድ ሲባል መሆኑን ሳነብ እኔም ተማርኩበት፤ ከዛሬ ወዲህ ሳልተኛ አልለካም። አሮጌዎቹ ትሪዎች ገቡ?

የአዳማዋ መምህርት

ሀዲዱ ላይ አይቀመጡም፣ በግራና በቀኝ ይጎድላሉ። የሽቦ መደርደሪያው ላይ ሳስቀምጣቸው ግን ይሠራሉ፤ እኔም እሱን ነው የማደርገው።

ፌዝ ኒውትራል

ቲቸር፣ የማታው ቮልቴጅስ ተለካ?

የአዳማዋ መምህርት

ተለካ። ማታ 1 ሰዓት ላይ 194 ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ 221። አንድ ዓይነት ሊጥ፣ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይዤ ሞከርኩት፤ ቤኪንግ ፓውደሩንም አልነካሁም። የማታው 55 ደቂቃ ፈጅቶ መሀሉ ትንሽ ሰመጠ። የጠዋቱ በ40 ደቂቃ ደረሰ፣ ላዩም ቀጥ ያለ ነው። ከእንግዲህ ትእዛዝ የምቀበለው ከሰዓት በኋላ ለሚወስዱ ነው። ለዚያች ልጅ እናትም ደውዬላታለሁ፤ ልደቷ አልፏል፣ ግን ቅዳሜ ትወስዳለች።